መሣሪያና ልኩ

መሣሪያ በእጅ ሳለ ባለቤቱ ስለ ሥራው እንጂ ስለ መሣሪያው አያስብም። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ የሚኖሩት ጡረተኛ የእጅ ሥራ መምህርም በጓሯቸው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠችውን የብየዳ ማሽን ልብ ብለው ያስተዋሏት የተቃጠለች ዕለት ነበር። ማሽኗ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ በእጅ የተጠቀለለች ትራንስፎርመር ነበረች፤ ከብረት እንብርትና በዙሪያው ከተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ በቀር በሆዷ ሌላ ነገር አልነበራትም። አሥራ አንድ ዓመት አገልግላ፣ አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የሽቦዋ ልባስ ቀልጦ፣ ጭስ አውጥታ ዝም አለች።

መምህሩ ብየዳን ለእንጀራ አይሠሩም። በወር ሁለት ወይም ሦስት ቀን የተሰበረ የአልጋ እግር ይቀጥላሉ፤ ለጎረቤት የመስኮት ፍርግርግ ይሠራሉ፤ አንዳንዴም ከቁርጥራጭ ላሜራ ወፍ ወይም ፈረስ ያበጃሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ጥቂት ሰዓታት ከጡረታ ወዲህ እጃቸውንም መንፈሳቸውንም ያቆዩላቸው በመሆናቸው፣ ማሽኗ በሌላ መተካት እንዳለባት አልተጠራጠሩም። መጀመሪያ ያሰቡትም እንደ ብዙው ሰው ከቀድሞዋ የሚበልጥ፣ 250 አምፔር የሚያወጣ ባለ ጎማ ማሽን ነበር። «ከገዙ አይቀር ጉልበት ያለውን ነው» ይሉ ነበር።

ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው የገበያ ዋጋ አልነበረም። ማሽኗ በተቃጠለች በሳምንቱ፣ በዚያው ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና እየጠጡ ሳለ፣ ክፋት ሳያስቡ፣ «ጋሼ፣ ሰሞኑን መብራቱ እንዴት ደኅና ሆነ! ልጄም ሳትቸገር ታጠናለች» አሉ። መምህሩ ስኒውን አስቀምጠው ዝም አሉ። እሳቱ በተጫረ ቁጥር የጋራው መስመር ቮልት እንደሚወርድ፣ አምፖሉም እንደሚደበዝዝ ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ የኖሩት እርሳቸው የገዛ ግቢያቸውን አምፖል አላዩም ነበር። እኚያ ሴት ግን አንድም ቀን አጉረምርመው አያውቁም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ «የትኛው ይበረታል?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ፣ «ሥራው ስንት ይፈልጋል? መስመሩስ ስንት ይችላል?» የሚለው ተተካ።

መልሱን ወረቀት ላይ አሰሉት። ለቀጭን ቱቦላሬ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ እርሱም ከ60 እስከ 90 አምፔር ይሻል። በ80 አምፔር ሲበየድ እሳቱ የሚነደው በ23 ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ ለሥራው የሚውለው ኃይል ከ2 ኪሎ ዋት አይበልጥም። ትራንስፎርመር ግን እሳቱን ለማስነሣት 60 ቮልት ያህል ይዞ መጠበቅ አለበት። 60 በ80 ሲባዛ 4,800 ይሆናል፤ ይህም ከ220 ቮልት መስመር 22 አምፔር ያህል መሳብ ማለት ነው። ኢንቨርተር የሚባለው ማሽን በአንጻሩ ኮረንቲውን በሴኮንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። ፍጥነቱ በጨመረ መጠን የሚያስፈልገው ብረትና መዳብ ስለሚያንስ ማሽኑ በአንድ እጅ ይነሣል፤ ለዚያው ሥራም ከመስመሩ የሚስበው 15 አምፔር ገደማ ነው።

ዛሬ የራሱ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለው የቀድሞ ተማሪያቸው ግን በምርጫቸው አልተስማማም። «ጋሼ፣ ትራንስፎርመር ቢቃጠል ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ ይነሣል። የኢንቨርተር ካርድ ከነደደ ግን መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ነው። ከግራይንደር የሚወጣው የብረት ብናኝም ጠላቱ ነው» አላቸው። መምህሩ ነገሩን አላስተባበሉም። «ቀኑን ሙሉ ለሚበይድ ሰው ልክ ነህ። እኔ የምበይደው በወር ሁለት ቀን ነው፤ መስመሩም የእኔ ብቻ አይደለም» ሲሉ መለሱለት። ሽቦ እየመገበ በጋዝ የሚሠራውንም ዓይነት አንሥተው ተወያዩ። ነገር ግን ሲሊንደሩን ሁልጊዜ ማስሞላት ስለሚያስፈልግና ጋዙን የደጅ ነፋስ ስለሚበትነው፣ ለጓሮ ሥራ እንደማይመች ሁለቱም ተስማሙ። ኤሌክትሮድ ግን እርጥበት እስካልነካው ድረስ ወራት ይጠብቃል።

በመጨረሻ መምህሩ 160 አምፔር የሚያወጣ ኢንቨርተር መረጡ። ከመግዛታቸው በፊት በጀርባው የተለጠፈውን ሠሌዳ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሠሌዳው በሙሉ ጉልበቱ 30 በመቶ ይሠራል ይላል፤ ይህም ከአሥር ደቂቃ ሦስቱን በይዶ ሰባቱን ማረፍ አለበት ማለት ነው። አምፔሩ ሲቀነስ ዕረፍቱም ያጥራል፤ በ80 አምፔር ለሚበይድ፣ ኤሌክትሮድ እስኪለውጥና ዝገት እስኪፍቅ ያለው ጊዜ ለማሽኑ ዕረፍት ይበቃዋል። የማታው ቮልት ዝቅ ሲልም እንደማይቆም አረጋገጡ። ግራይንደሩን ወደ ሌላው የጓሮው ማዕዘን አዛወሩት። አሮጌዋን ትራንስፎርመር ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ አልሸጧትም፤ ጠንካራ መስመር ባለው ወርክሾፑ ዳግመኛ አስጠቅልሎ እንዲሠራባት ለተማሪያቸው ሰጡት።

አዲሱ ማሽን በተሞከረበት ምሽት መምህሩ አንድ ነጥብ በይደው የፊት መከለያቸውን አነሡና ወደ ጎረቤት መስኮት ተመለከቱ። ተማሪውን ለማናገር መለስ ብለው፣ «አሁን አንተ በይድ፤ እኔ መብራቱን ልይ» አሉት። እሳቱ ሲጫር አምፖሉ ጥቂት ረገብ አለ እንጂ አልደበዘዘም። ልጅቱም ከደብተሯ ቀና አላለችም።