በጋን የሚችል ግቢ

ከቦሌ ተነስታችሁ በመገናኛ አድርጋችሁ እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ በየግቢው የምታዩት ተመሳሳይ ነው፤ ግማሹ ታይልስ፣ ግማሹ ሣር። ጥርና የካቲት ላይ ያንን ሣር አረንጓዴ አድርጎ ለማቆየት በካሬ ሜትር በቀን 3 ሊትር ገደማ ውኃ ያስፈልጋል። 50 ካሬ ሣር ያለው ሰው በየቀኑ 150 ሊትር፣ ማለትም ከ7 ጀሪካን በላይ የተጣራ ውኃ መሬት ላይ ያፈሳል። ያውም ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ! ይህ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል።

ሰማዩ አልነፈገንም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያልቃል። የለገዳዲ ግድብም የሚሞላው ያኔ ነው። ስለዚህ ግቢያችንን በጋውን አስበን እንትከል።

ለዚህ የሚሆን ተክል ደግሞ አገራችን ሞልቷታል። የወይራን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩት፤ ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ታቹ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ያ የታችኛው ሽፋን እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። የክትክታን ቅጠል ብትዳስሱት እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሙጫው ከፀሐይ መከላከያው ነው። ሬት ውኃውን በወፍራም ቅጠሉ ያከማቻል። ለአጥር አጋም፣ ለመተላለፊያ ዳር ጦስኝ ይሆናል። ሣር የግድ ካስፈለገ ሰርዶ አለ፤ በበጋ ቢጫ ቢሆንም ዝናብ ሲያገኝ ያንሰራራል። አገር በቀሎቹን በአካል ማየት የሚፈልግ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ።

ሰኔና ሐምሌ ላይ ከተተከሉ ሥራቸው በክረምቱ ይይዛል። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንዴ ጥሩ አድርጎ ማጠጣት፣ ግርጌያቸውን በደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ መሸፈን ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ በዓመት 100,000 ሊትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ አሸንዳውን ወደ ሮቶ ብናዞረው ችግኞቹ የቧንቧ ውኃ አይሻሙንም።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ ለሣር የሚፈስ ውኃ መቆጠብን የተማረችው በረሃ አስገድዷት ነው። የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሕግ፣ በአካባቢው ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ብቻ ባልተመደቡ ይዞታዎች ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር ከ2027 መግቢያ ጀምሮ የኮሎራዶ ወንዝን ውኃ እንዳይጠጣ ከልክሏል። እኛ ሕግ እስኪወጣ ለምን እንጠብቃለን?

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ ቤት የምትሠሩ፣ ግቢ የምታስውቡ ወገኖች፦ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች የሚያፈሉት ገዢ የሚጠይቃቸውን ነው። በዚህ ሰኔ የሣር ምንጣፍ ከማዘዛችን በፊት «ወይራ አላችሁ? ክትክታስ?» እንበላቸው።