የአንድ ነጥብ ልዩነት

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን አንድ አሳይመንት ሰጡን። አንድ መንግሥት ወጣት ባለሙያዎችን መልምሎ ለአመራር እንዴት እንደሚያበቃ የሚያሳይ ምሳሌ ከፈለጋችሁት አገር አምጥታችሁ አቅርቡ የሚል ነው። የማታ ተማሪ ኑሮ ይታወቃል። ከቢሮ ወጥተን፣ ታክሲ ተጋፍተን፣ ክፍል ስንደርስ ግማሹ ሐሳባችን ጠረጴዛችን ላይ ከቀረው ፋይል ጋር ነው። ስለዚህ ይቀለኛል ያልኩትን መረጥኩ፤ አሜሪካኖች "ዋይት ሀውስ ፌሎውስ" የሚሉትን ፕሮግራም። እውነቱን ለመናገር ምርጫዬ የጥናት ውጤት አይደለም። የኮሊን ፓውልን ግለ ታሪክ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዝቼ ድሮ አንብቤው ስለነበር ግማሹ ሥራ አልቆልኛል ብዬ ነው።

አላለቀልኝም። እንዲያውም ያ አሳይመንት አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር የያዝኩትን ጉዳይ ቀሰቀሰብኝ።

መጀመሪያ ስለ ፕሮግራሙ ለማያውቅ ላስረዳ። ሐሳቡን ያመነጩት ጆን ጋርድነር ናቸው። ያኔ የካርኒጊ ኮርፖሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስትር ሆኑ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሐሳቡን ተቀብለው ኦክቶበር 3 ቀን 1964 ፕሮግራሙን በይፋ አወጁ። በመጀመሪያው ዙር 15 ሰዎች ተመረጡ። አሥሩ ከካቢኔ ሚኒስትሮች ጋር፣ አራቱ ከዋይት ሀውስ ሹማምንት ጋር፣ አንዱ ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ጋር እንዲሠሩ ተመደቡ። ከዚያ ወዲህ በተለምዶ በየዓመቱ ከ11 እስከ 19 የሚሆኑ ይመረጣሉ። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ መኮንኑ፣ የቢዝነስ ሰው፣ መምህሩ፤ በሙያቸው ገና ጀማሪ ሆነው ነገር ግን አንድ ነገር ያሳዩ ሰዎች ናቸው። ለአንድ ዓመት ደመወዝ እየተከፈላቸው ከከፍተኛ ባለሥልጣን አጠገብ ይሠራሉ፤ ከዚህም ሌላ በአገሪቱ ታዋቂ ከሆኑ ሰዎች ጋር ከክፍሉ በማይወጣ ጨዋታ ይወያያሉ።

እኔን የገረመኝ የጋርድነር ዓላማ ነው። ሰዎቹ እዚያው ተቀምጠው ሹመት እንዲጠብቁ አልነበረም። ዓመቱ ሲያልቅ ወደየሙያቸው ተመልሰው፣ መንግሥት ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁ ዜጎች እንዲሆኑ ነው። እኛ ጋ ሥልጠና ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስትመለስ ምን ትሆናለህ?" ነው። እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ፓውል ልሂድ። ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ልጅ ነው። ሀርለም ተወልዶ ብሮንክስ ያደገ፣ በኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ጂኦሎጂ የተማረ የእግረኛ ጦር መኮንን ነበር። ለፌሎውሺፑ የማመልከት ሐሳብ እንኳ አልነበረውም፤ አመልክት ያሉት የሠራዊቱ የምደባ ሰዎች ናቸው። ሞላ፣ ተመረጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ገባ። የሚመደብበትን ቦታ ሲመርጥ ስሙ የገነነ መሥሪያ ቤት አልፈለገም፤ የበጀትና ማኔጅመንት ቢሮ ገባ። የመንግሥት ገንዘብ የሚያልፍበት ቤት ስለሆነ የሁሉም መሥሪያ ቤት ገመና እዚያ ይታያል። (ፋይናንስ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።) የቢሮው ዳይሬክተር ያኔ ካስፓር ዋይንበርገር፣ ምክትላቸው ፍራንክ ካርሉቺ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዋይንበርገር የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ፓውልን ወታደራዊ ረዳታቸው አደረጉት። ካርሉቺ ደግሞ የፕሬዚዳንት ሬገን የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሲሆኑ ምክትላቸው አድርገው ወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ቦታውን ራሱ ተረከበ። በ1989 የጦር ኃይሎች ኢታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር፣ በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር።

ይህን በሰንጠረዥ አድርጌ ክፍል ውስጥ ሳቀርብ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና "ታዲያ ሰውየው ያደገው በችሎታው ነው ወይስ ስለታየ?" አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩና "በሁለቱም" ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከአምስት ዓመት በፊት በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ጽሕፈትም እኔው ነበርኩ። ለወጣት ባለሙያዎች የሦስት ወር የአመራር ሥልጠና መጣና ከእኛ ቢሮ አንድ ሰው ይላክ ተባለ። ለመወዳደር የተመዘገብነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ። እሷ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ላይ ነበረች። ባለጉዳይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መስኮቷ ላይ ይሰለፋል፤ ሲጮህባት ሳትጮህ መልሳ ትሸኘዋለች። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ልጇን ከመዋያ ለማውጣት ትሮጣለች። እኔ ደግሞ ከሥራ በኋላ አልቸኩልም። ኃላፊያችን ስብሰባ ሲሄዱ ፎልደራቸውን ይዤ እከተላለሁ፣ ሲናገሩ ማስታወሻ እይዛለሁ፣ ሲጨርሱ ውኃ አቀርባለሁ።

ውድድሩ ከመቶ ነበር። የሥራ አፈጻጸም ከ90፣ የአመራር ብቃት ከ10። አፈጻጸሙ ያለፉት ሁለት ምዘናዎች አማካይ ስለሆነ ማንም ሊነካው አይችልም። እሷ 84፣ እኔ 79። አሥሯን የሚሞሉት ግን ኃላፊው ነበሩ። ለእኔ 9፣ ለእሷ 3። ድምሩ 88 ለ87 ሆነ።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተወዳዳሪ ሆኜ የራሴን ውጤት ራሴ ጻፍኩ፤ ይህ ብቻውን ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ያኔ ለማንም አልታየውም፣ ለእኔም ጭምር። ከእሷ ስም ፊት ለፊት ኃላፊው ያስጻፉኝ ምክንያት "በስብሰባ ላይ ያላት ተሳትፎ አነስተኛ ነው" የሚል ነበር። የስብሰባ ጥሪ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። "እሷ መስኮቱን ትያዝ" ስለተባልኩ ስሟን አንድም ቀን አስገብቼ አላውቅም። ያልተጠራችበት ስብሰባ ላይ አልተሳተፈችም ተብላ ነጥብ ስትቀነስ ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

ለእኔ ዘጠኝ የተሰጠበት ምክንያት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። "የፋይል አደረጃጀቱን በራሱ ተነሳሽነት ማሻሻሉ" ይላል። እዚህ ላይ ሳልዋሽ ልናገር። ፋይሎቹን በቀጠና ከፍለን፣ በየቀጠናው ደግሞ በቤት ቁጥር የደረደርነው በእሷ ሐሳብ ነው። ባለጉዳይ ስሙን በሦስት ዓይነት መንገድ ስለሚጽፍ በስም መፈለግ አድካሚ መሆኑን መስኮት ላይ ሆና ያየችው እሷ ናት። እኔ መደርደሪያዎቹን ገፋሁ፣ መለያውን ጽፌ ለጠፍኩ። ኃላፊያችን አንድ ቀን መዝገብ ቤት ገብተው "ይሄ የአንተ ሥራ ነው?" ሲሉኝ "አዎ፣ ጌታዬ" አልኩ። ውሸት አይመስለኝም ነበር፤ ጉልበቱ የእኔ ነዋ!

ተመረጥኩ። ሥልጠናውን ጨረስኩ፣ ሰርተፊኬቱን በፍሬም አስገብቼ እናቴ ቤት ሰቀልኩት፣ በዓመቱ ቡድን መሪ ሆንኩ። እሷ እንኳን ደስ አለህ ብላ ሳመችኝ። ቆይታ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረች።

ስለ ዋይት ሀውስ ፌሎውስ ሳነብ የአመራረጡን ሥርዓት ከእኛው ጋር ሳላወዳድረው መቅረት አልቻልኩም። እነሱ ማመልከቻ፣ ድርሰትና የምስክርነት ደብዳቤ ይቀበላሉ። ከዚያ በየክልሉ ቃለ መጠይቅ፣ የተረፉት ደግሞ ኮሚሽኑ ፊት ለቀናት ይፈተናሉ። ኮሚሽኑ ያቀርባል፣ ፕሬዚዳንቱ ይሾማል። አንድ ሰው ብቻውን አሥር ነጥብ ይዞ የሚወስንበት ቦታ የለም ማለት ነው። ሆኖም ፍጹም ነው ብዬ አላሞግሰውም። ኮሚሽነሮቹን የሚሾመው ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው። ሌላም ያስከፋኝ ደንብ አለ፦ ከመደበኛ ወታደሮች በስተቀር የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ማመልከት አይችልም። የእሷ ቢጤ፣ መስኮት ላይ ሆና መንግሥትን ከታች የምታውቅ ሠራተኛ፣ በሩ ከመጀመሪያውም ዝግ ነው። ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ይቀርብ የነበረው ካርተር እ.ኤ.አ. በ1977 ያቋቋሙት፣ በኋላ "ፕሬዚደንሻል ማኔጅመንት ፌሎውስ" የተባለው ነው። እሱም ቢሆን ዲግሪያቸውን በቅርቡ የጨረሱ ሰዎች የሚገቡበት ነበር፤ ፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ተዘጋ።

ከሁሉም ይልቅ የቆየብኝ የዶሪስ ከርንስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሃርቫርድ ተማሪ ሆና ለፌሎውሺፑ ተመረጠች። ለተመረጡት በተዘጋጀው ግብዣ ላይ ፕሬዚዳንት ጆንሰን አብረዋት ጨፈሩ። ብዙ ሳይቆይ እሷና ጓደኛዋ ቀደም ብለው የላኩት ጽሑፍ በአንድ መጽሔት ወጣ፤ ጆንሰንን በ1968 ምርጫ እንዴት ከሥልጣን ማውረድ እንደሚቻል የሚተነትን! ሁሉም ትባረራለች ብሎ ጠበቀ። ጆንሰን አላባረሯትም። መጀመሪያ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመደበች፣ በኋላ እሳቸው ጋ ሠራች፣ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ትዝታቸውን ሲጽፉ ረዳቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ እሳቸው ያሳተመችው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ጆንሰን ይህን ያደረጉት ደግ ስለሆኑ ነው አልልም፤ ተንኮለኛ ፖለቲከኛ ነበሩ፣ ተቃዋሚን አቅርቦ ማላላት ያውቁበታል። እኔን ያመመኝ የልጅቷ ነገር ነው። የአገሪቱን መሪ የሚነቅፍ ጽሑፍ በስሟ ፈርማ ላከች። እኔ የወረዳ ኃላፊ ሲጠይቀኝ "ሐሳቡ የእሷ ነው" የምትለው ሦስት ቃል አልወጣችኝም።

እዚህ ላይ ጽሑፌን አቁሜ ለቡለቲኑ አዘጋጆች ልሰጥ ነበር። ግን ባልደረባዬ አሁን በእኛው ዲፓርትመንት፣ ከእኔ አንድ ዓመት ዝቅ ብላ ትማራለች። ይህን ቡለቲን ታነባለች። ከሌላ ሰው እጅ አይታ ብታነበው ሁለተኛ በደል መሆኑ ገባኝና ረቂቁን ይዤ ካፌ ቀጠርኳት።

ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ አንብባ ጨረሰች። እኔ ስኒዬን ሳዞር ነበር።

"ስለ ፋይሉ አውቅ ነበር" አለችኝ። "ሰውየው መስኮት ድረስ መጥተው 'ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው፣ አየሽ እንዴት እንዳደራጀው' ብለውኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? አንተ ያልከውን እኔ ልካድ? ደግሞ ከስብሰባ በፊት የሚያገኙት አንተን ነው።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። እሺም እንቢም አላለችኝም። ትንሽ ቆይታ ወረቀቱን ወደ ኋላ ገልብጣ ነጥቡ ያለበት አንቀጽ ላይ ጣቷን አደረገች።

"ይሄን ግን አላውቅም ነበር። ብዙ የራቅሽኝ መስሎኝ፣ አልበቃሁም ብዬ ነው ከዚያ ወዲህ ለምንም ያልተወዳደርኩት። አንድ ነጥብ ነበር?"

"አንድ ነጥብ።"

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። በረቂቁ ላይ ፋይሎቹን "በቀለም" ለየን ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዘችውና "በቀጠና" ብላ ከላዩ ጻፈች። ቀለሙን እኔ በኋላ የጨመርኩት መሆኑንም አስታወሰችኝ። ስሟ እንዲጻፍ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ አልፈለገችም። የክፍል ሰዓቷ ደርሶ ስለነበር ተነሳች። የማኪያቶውን ሂሳብ ልከፍል ስል "የራሴን ራሴ" ብላ ከፍላ ሄደች።