ፊሊፕ ኦሞንዲ

በካምፓላ፣ ሉጎጎ በተባለው ሥፍራ፣ በፊሊፕ ኦሞንዲ ስም የሚጠራ ስታዲየም አለ። ስሙን በሰማሁ ቁጥር የእኛው መንግሥቱ ወርቁ ትዝ ይለኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ኡጋንዳ ገና ነፃ ሳትወጣ ለአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ በዚያ ውድድር መንግሥቱ 3 ግብ አግብቶ ከጓደኞቹ ጋር ዋንጫውን ለአገሩ አስቀረ።

ከ16 ዓመት በኋላ የካምፓላ ማዘጋጃ ቤት ቡድን ተጫዋች የነበረው ኦሞንዲ በጋና ምድር ያንኑ ያህል ግብ አገባ። አገሩ በኢዲ አሚን አገዛዝ ሥር በምትጨነቅበት በዚያ ወራት እርሱና ጓዶቹ ናይጄሪያን 2 ለ 1 ረትተው ለፍጻሜ ደረሱ፤ ነገር ግን በጋና 2 ለ 0 ተሸነፉ። እኔስ ከብዙ ዋንጫ ይልቅ ያን ጉዞ አደንቃለሁ። ኡጋንዳ ከዚያ ወዲህ ለፍጻሜ አልደረሰችም። ኦሞንዲም መጫወት ካቆመ በኋላ የቀድሞ ቡድኑን አሠለጠነ፤ በ1999 አረፈ።