የእስቴ ደጋ የበረት ውሻ

ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ሲጓዙ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉና ተራራ በስተግራ ይተዉና መካነ ኢየሱስ ይደርሳሉ። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ አገሩ የገብስ፣ የድንችና የበግ ነው። በየግጦሹ አንድ ትንሽ እረኛና አንድ ውሻ አይጠፋም። ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ሄጄ ከልጅ ልጄ ጋር የሰነበትኩት እዚያው ገጠሩ ውስጥ ነው።

በፊልም የምናየው የእንግሊዞቹ ቦርደር ኮሊ በጎችን እያፈጠጠ ይነዳል። የእኛው ውሻ ግን አይነዳም፤ መንዳት የእረኛው ሥራ ነው። ውሻው ይጠብቃል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ከበጎች ጋር ስለሚውል እንደ ወገኖቹ ያያቸዋል። ቀን ጋደም ብሎ ያንቀላፋ ይመስላል፤ የማያውቀው ሰው ወይም ቀበሮ ብቅ ሲል ግን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ሌሊት በረቱ ደጃፍ ተኝቶ ጅብ ይከላከላል።

የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሊደባብሰው ሲሮጥ ባለቤቱ፣ «እማማ፣ ልጁን ይያዙልኝ! ይሄ የበረት ውሻ እንጂ የመጫወቻ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ ባለቤቱ ሳይኖር አይጠጉትም፤ ሲበላ ወይም ቡችሎች ሲኖሩ አይነኩትም፤ ሲጮኽም ከፊቱ አይሮጡም። ልጆቻችንን ወደ አገር ቤት ስንወስድ ይህን ቀድመን እንንገራቸው።

እዚያው መንደር ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ባለቤቱ ባልታወቀ ውሻ ተነክሶ ነበር። አባቱ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይዞት ሄደ። ልጁ ዛሬ በግ ይጠብቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ንክሻው ትንሽም ቢሆን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ይህን ጉዞ ማዘግየት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በበሽታው ከተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱ 10 ሰዎች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ውሻውም የሚፈልገው ብዙ አይደለም፦ ከማዕድ የተረፈ እንጀራ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ከዝናብ መጠለያና በየዓመቱ የእብድ ውሻ ክትባት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽልን ከሆነ ፍርፋሪ ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ማስከተብም የእኛ ድርሻ ነው።