ተቀጽላ ያልሆነው

በዛፍ ላይ የበቀለ ሁሉ ተቀጽላ አይደለም፤ የቡናው ጥላ ዛፍ ሲጸዳ ግን ከተቀጽላው ጋራ ኦርኪድም በከንቱ ይገፈፋል። ተቀጽላ ሥሩን በእንጨቱ ውስጥ አሳልፎ የዛፉን ውሃ ይጠጣል፤ የኦርኪድ ሥር ግን ነጣ ብሎ በቅርፊቱ ላይ ተጋድሞ ዝናሙንና ጉሙን ይመጥጣል። ስለዚህም ከወገኑ በዓለት ላይ የሚበቅል አለ፤ ዓለት ምን የሚጠባ ደም አለውና!

በኢትዮጵያ የሚበቅለው ኤራንጊስ ብራኪካርፓ፤ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ1850 እ.ኤ.አ. ገደማ በሌላ ወገን ስም የጻፈው፤ በቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይታወቃል። አበባው ነጭ ኮከብ ነው፤ ከኋላውም እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚደርስ ቀጭን ቀንድ ይንጠለጠላል፤ ማሩም እንደ ቅኔ ወርቅ ከቀንዱ ጫፍ ተሸሽጓል። ሽታው በመሸ ጊዜ ይነሣና ምላሰ ረዥሙን የሌሊት ቢራቢሮ ይጠራል።