በናይሮቢ ዛፎች ሥር የተዘረጋ ማዕድ

በዛሬው ጽሑፌ ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ናይሮቢ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። የምንሄደው ለስብሰባ አይደለም፤ ለሕክምናም አይደለም። ባልና ሚስት በሰው አገር፣ በአንድ ዛፍ ሥር ማዕዳቸውን ዘርግተው የልደት ቀን እንዴት እንደሚያከብሩ፣ ይህም ከባለ ልደቱ ተሰውሮ እንዴት እንደሚዘጋጅ ላጫውታችሁ ነው።

“ይህ የፈረንጅ ነገር አይደለም ወይ?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ፍቅርን መግለጥ ለእጮኛሞች ብቻ የተፈቀደ የሚመስላቸው ባለትዳሮች በመካከላችን ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 7 ሙሽራይቱ ውዷን ወደ መስክ እንዲወጡና የወይኑን ማበብ አብረው እንዲያዩ ስትጋብዘው እናነባለን። ልብ በሉ፣ ጋባዧ እርሷ ናት። ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደቀ መዛሙርቱ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል። በዚያው ምዕራፍ ሕዝቡን በለመለመ ሣር ላይ አስቀምጦ መግቧል። እንግዲህ በሣር ላይ ተቀምጦ መብላት ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

ለምን ናይሮቢ?

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲድ ሥራ ጣቢያ ሆና ተጀመረች። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ለደጋ ሰው ይስማማል። ብዙ አገልጋዮቻችን ለነገረ መለኮት ትምህርትና ለሥልጠና ይሄዱባታል፤ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ደግሞ የአገራችን ሰዎች ስለሚኖሩ እንጀራ አይጠፋም። ስለዚህ በሌላ ጉዳይ የሄዳችሁ ባልና ሚስት ተጨማሪ የአውሮፕላን ወጪ ሳይኖርባችሁ ግማሽ ቀን ለራሳችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ።

ወሩን ግን አስተውሉ። ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። ሐምሌና ነሐሴ ደመናማና ብርዳም ናቸው። ጥርና የካቲት ደረቅና ሞቃት ናቸው። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል፤ በየመንገዱ ዳር የጃካራንዳ ዛፎች ሐምራዊ አበባቸውን ማውጣት ይጀምራሉ።

ቦታውን መምረጥ

በናይሮቢ ለሽርሽር የሚሆኑ ቦታዎች ብዙ ናቸው። እኔ ሦስቱን ልጠቁማችሁ።

አንደኛው አርቦሬተም የሚባለው የዛፎች ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 30 ሄክታር ያህል ነው። ከመሐል ከተማ ቅርብ ስለሆነ ጊዜ ለሌላቸው ይመቻል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ነው። 117 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ ፓርክ አንበሳና አውራሪስ ከከተማው ፎቆች ሥር ሲሄዱ ይታያሉ። ነገር ግን መኪና ያስፈልጋል፤ ከመኪና መውረድ የሚቻለውም በተፈቀዱት ቦታዎች ብቻ ነው፤ የውጭ አገር ሰው የሚከፍለውም ብዙ ነው።

ሦስተኛውና እኔ የመረጥሁት የካሩራ ደን ነው። ከ1,000 ሄክታር በላይ የሆነ ደን በከተማ ውስጥ! ፏፏቴ አለው፤ በቅኝ ግዛት ዘመን የማው ማው ታጋዮች የተደበቁባቸው ዋሻዎች አሉት፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተዘጋጁ መንገዶች አሉት።

ይህ ደን ዛሬ የቆመው እንዲሁ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. መሬቱ እየተቆራረሰ ቤት ለሚሠሩ ባለሀብቶች መሰጠት ጀምሮ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ የተባለችው ኬንያዊት ከባልደረቦቿ ጋር ችግኝ ይዛ እየሄደች ተቃወመች። በጥር 1999 እ.ኤ.አ. ችግኝ ለመትከል በሄደችበት ዕለት ተደብድባ ራሷ ላይ ቆሰለች። እርሷ ግን አልተመለሰችም፤ ደኑም ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት በመቀበል ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በ2011 አረፈች።

ወገኖቼ፣ በዚያ ጥላ ሥር ስቀመጥ አንድ ነገር በልቤ መጣ። ደኑን ሊያጠፉት የነበሩት በአንድ ቀን ሊቆርጡት አልተነሡም፤ ቁራጭ በቁራጭ ነበር የሚወስዱት። ትዳርም እንዲሁ ነው። አንድ ምሽት ለስብሰባ፣ አንድ ቅዳሜ ለሽምግልና፣ አንድ በዓል ለእንግዳ እየተባለ ይቆረሳል። እያንዳንዱ ቁራሽ ለመልካም ነገር የተሰጠ ነው። በመጨረሻ ግን ባልና ሚስቱ የሚቀመጡበት ጥላ ያጣሉ። አንድ ሰው ችግኝ ይዞ ሊቆም ይገባል።

ምሥጢሩን መጠበቅ

ባለቤቴ መጋቢ ነው። በገጠር ስለ ተወለደ የልደት ቀኑ በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው አይደለም፤ እናቱ የሚያውቁት የመስቀል ሰሞን እንደ ወለዱት ብቻ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለአሥር ቀን ሥልጠና አብረን ናይሮቢ በነበርንበት ጊዜ 50 ዓመት ሊሞላው ነበር። የስንቱን ልጅ ልደት ባርኳል፣ የስንቱን ኬክ ከቤተሰቡ ጋር ቆርሷል! ለእርሱ ግን አንድም ጊዜ ተከብሮለት አያውቅም። የመስቀልን ሳምንት ቅዳሜ መረጥሁ፤ ሥልጠና የሌለበት ቀን ነበርና።

ሰርፕራይዝ የሚዘጋጅ ሰው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ስጦታን መሰወርና መዋሸት አንድ አይደሉም። ስለዚህ “ሕመምተኛ እንጠይቅ” ወይም “ሰው ቀጥሮናል” ብላችሁ አታውጡ። እኔ ያልሁት “ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለእኔ ስጠኝ፤ ወዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ” ብቻ ነው። ሳቀ፤ ሰጠኝም።

ሁለተኛ፣ በከተማይቱ የምትኖር አንዲት ታማኝ ሰው ይኑራችሁ። እኔን የረዳችኝ በዚያ የምትኖር ኢትዮጵያዊት እህት ናት። ገበያውን ታውቃለች፤ ክፍያውንም በስልኳ ፈጸመችልኝ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሞባይል ገንዘብ ስለምትጠቀም ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ቦታ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱን አጥሩ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ “ሳ ታቱ” ሲሉ የእኛ ሦስት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከባለ ታክሲው ጋር በየትኛው ቋንቋ እንደምትነጋገሩ ካላስተዋላችሁ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል።

ቅርጫቱ ውስጥ ምን ይግባ?

ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ከሰኔ 2020 ወዲህ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ኩባያዎች፣ ሳህኖችና ማንኪያዎች ወደ ፓርክና ወደ ደን ይዞ መግባት አይፈቀድም። ስለዚህ ምግቡን በሰፌድ ቅርጫት፣ ውሃውን በብረት ኮዳ፣ ሻዩን በፔርሙስ ያዙ። ለምንጣፍ የማሳይ ሹካ የሚባለውን ቀይ ልብስ ግዙ፤ ሲመለሱ አልጋ ላይ ይነጠፋል፤ ሲያዩትም ቀኑን ያስታውሳል።

ምግቡን አታብዙት። እኛ የያዝነው ከኢስሊ የተገዛ እንጀራ፣ በቤት የተሠራ ደረቅ ያለ ጥብስ፣ ከኬንያውያን ማንዳዚ የሚባለው እንደ ብስኩት የተጠበሰ ሊጥ፣ ማንጎና በወተት የተፈላ ሻይ ነበር። በሲቲ ማርኬት አበባ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ አንድ እቅፍ ጽጌረዳ በዚያ ገዛሁ። ለሚስቱ የሚያዘጋጅ ባል ደግሞ ካንጋ የሚባለውን ልብስ ቢገዛላት መልካም ነው፤ በጠርዙ ላይ የስዋሂሊ አባባል ታትሞበታል። ትርጉሙን ሳይጠይቅ እንዳይገዛ ግን አደራ! አንዳንዱ ለጎረቤት የሚሰነዘር ነገር ነው።

ዝንጀሮና ጦጣ ስላሉ ሙዙን ከፍታችሁ አታስቀምጡ። ቦርሳችሁን ከአጠገባችሁ አታርቁ፤ ብዙ ሰው ከሚያልፍበት መንገድ አትራቁ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጨልማለች፤ ስለዚህ በጊዜ ውጡ።

ከማዕዱ በኋላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ምግብ፣ አበባና ጫካ ሰበብ ናቸው። ዋናው ጨዋታው ነው።

ለዚያ ቀን አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ አይወራም። ስልኮቹ ከቅርጫቱ ሥር ገቡ። በመጀመሪያ ዝም ተባባልን። ሃያ ዓመት አብሮ ኖሮ፣ ሥራ ሲወጣለት ወሬ ያልቃል ለካ! እኔም አልቸኮልሁም፤ ሻይ ቀዳሁለት። ከብዙ ዝምታ በኋላ ዛፎቹን ቀና ብሎ እያየ “ደክሞኛል” አለ። ይህን ቃል ከእርሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለምእመናኑ እንዳይናገር መጋቢያቸው ነው፤ ለሽማግሌዎቹ እንዳይናገር ይፈራል፤ በቤት እንዳይናገር ሁልጊዜ እንግዳ አለ። ለመናገር አንድ ሹካ የሚያህል ቦታና ጥቂት ሰዓት ነበር የሚያስፈልገው።

አልመከርሁትም፤ ጥቅስም አልጠቀስሁለትም። እጁን ይዤ ሰማሁት። በኋላ አብረን አጭር ጸሎት ጸለይን። ከተመለስን በኋላ ራሱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ነገራቸው፤ እነርሱም በሳምንት አንድ ቀን እንዲያርፍ ወሰኑ። ሰኞ ዕለት እስከ ዛሬ የእኛ ናት።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ናይሮቢ መሄድ የማይችል ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አዋሳ ያለ ሰው ሐይቅ አለው፤ አዲስ አበባ ያለ እንጦጦ አለው፤ በጅዳ፣ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ያለ በሰፈሩ ሣር አያጣም። የልደት ቀናችሁን በትክክል ባታውቁት እናታችሁን ጠይቁ፤ እርሳቸውም ባያስታውሱት አንድ ቀን ምረጡ። በፊታችሁ ያለውን ወር ገጽ ክፈቱና ስብሰባ ሳይቀድማችሁ ግማሽ ቀን ክበቡ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። የመጋቢያችሁን የልደት ቀን ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። ያን ቀን እንዲሰብክ አትጋብዙት፤ በመሶብ ምግብ ሙሉላቸውና ሁለቱን ለብቻቸው ስደዷቸው።

የሰላም አምላክ ቤታችሁን ይባርክ፣ ጥላችሁንም ይጠብቅ። አሜን።