ከእንጦጦ የወረደ ጭቃ ቀበና ላይ ሲታጠብ

ዛሬ ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ ጭቃ ነው። አዎ፣ ጭቃ! ሞተር ሳይክል የምትነዱ፣ ነገ ለመግዛት የምታስቡ፣ ወይም ከጓደኛችሁ ኋላ ተፈናጣችሁ እሁድ እሁድ ወደ እንጦጦ የምትሸመጥጡ ሁሉ ነገሩ ይመለከታችኋልና እስቲ ጠጋ በሉ።

ባለፈው ክረምት ነው። የእህቴ ልጅ እኔ ቤት ቀበና ድረስ በሞተሩ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. እገዳ ወዲህ ሞተር እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ የሚነዳ ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። የእሱ ግን የሥራ ነው፤ ፈቃድም ጂፒኤስም አለው። ጎማው ባለ ጥርስ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ለኮረኮንችና ለጭቃ የተሠራ ዓይነት ነው።

“ጋሼ፣ ዛሬ እንጦጦ ላዙርህ” አለኝ።

እኔም ዕድሜዬን ረስቼ ተፈናጠጥኩ። ከቀበና ድልድይ ተነስተን በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጣን። የታችኛው ቀበና በኮሪደር ልማቱ ተለውጧል፤ ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃ፣ መብራት... ጉራራን አልፋችሁ ወደ ተራራው ስትጠጉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አስፋልቱ ያልቃል። ቀይ አፈሩ በዝናብ ላቁጦ እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይጠመጠማል። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ እኛ እየተንሸራተትን ሽቅብ እንወጣለን። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሞተሩም እንደኔ ትንፋሽ እያጠረው ወጣን። ላይ ደርሰን ከተማዋን ቁልቁል ስናያት፣ ምን አለፋችሁ፣ ብርዱም ጭቃውም ተረሳ!

ችግሩ የመጣው ቤት ከተመለስን በኋላ ነው።

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዛ ቡና ታፈላለች። ልጁ ከእሷ አራት እርምጃ ራቅ ብሎ ሞተሩን በማቆሚያው አቆመ። የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ቤንዚን ቀዳ፣ ጨርቅ ነከረ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሞተሩን አስነሳና አንደኛ ማርሽ አስገባ! የኋላው ጎማ አየር ላይ መዞር ሲጀምር ጨርቁን ይዞ ወደ ካቴናው አጎነበሰ።

“አጥፋው!” ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ጀበናዋን ልትጥል ምንም አልቀራት።

“ምነው ጋሼ? ራሱ ሲዞር እኮ ቶሎ ይጸዳል...”

አዎ፣ ቶሎ ይጸዳል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ለማንም አውርቼው የማላውቀውን ነገር አጫወትኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እኔና አንድ የሰፈር ጓደኛዬ ተዋጥተን ከጨረታ የወጣች ያማሃ ዲቲ ገዛን። ለላቫጆ የሚከፈል ገንዘብ ከየት ይምጣ? ቀበና ወንዝ አለ አይደል! ከድልድዩ ዝቅ ብለን ወንዙ ዳር እናቆማትና ኦሞ እንነሰንስባታለን፤ ካቴናዋን በቤንዚን እናጥባለን። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ካቴናውን በጨርቅ ሲጠርግ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ጨርቁ ክር አውጥቶ ኖሮ ካቴናው ጎተተው። ጨርቁ እጁን ይዞ ሄደ፣ እጁ ከካቴናውና ከጥርሱ መሐል ገባ። “እ” ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረም። ሆስፒታል ስንደርስ የሌባ ጣቱ ጫፍ ሊተርፍ አልቻለም። ጓደኛዬ ልብስ ሰፊ ነው። መርፌ የሚይዘው በዚያ ጣት ነበር።

ማርሹን አስገብቶ ነዳጅ ሲሰጥ የነበረው ደግሞ... እኔ ነበርኩ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ ሥራውን አብረን ሠራነው። እንዲህ ነው፤ ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከእንጦጦ ወርዶ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ማርሚታውም እጅ ይልጣል። ቡናው እስከ ሁለተኛው ድረስ ይጠጣ፤ ያን ጊዜ ይደርሳል። እስከዚያው ጓንትና ሽፍን ጫማ ፈልጉ። ከጎማ ሥር የሚፈናጠር ጠጠርና ሳሙና ዓይን ያጠፋልና መነጽርም አይከፋም።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹን ሸፍኑ። የማርሚታውን አፍ፣ የቁልፉን ቀዳዳና አየር የሚገባበትን በፌስታልና በላስቲክ እሰሩ። ታዲያ ከማስነሳታችሁ በፊት መፍታት እንዳትረሱ!

ጭቃውን በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ውስጡ ያለው አሸዋ ቀለሙን ይልጠዋል። ኃይል በሌለው ውሃ አርሱትና ዐሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁት። ራሱ ይረግፋል። ከላይ ወደ ታች እጠቡ፤ ጎማውና ካቴናው መጨረሻ ይሁኑ። የእነሱን ብሩሽ ወደ ላይ መልሳችሁ ብታመጡት ቅባቱንና አሸዋውን ታንክ ላይ መቀባት ነው። ኦሞውን ለልብስ ተዉት፤ የመኪና ሳሙና ይሻላል።

ላቫጆ የምትወስዱም ካላችሁ አጣቢውን ቀድማችሁ አናግሩት። ያ የግፊት ውሃ መኪና ላይ ደህና ነው። ሞተር ላይ ግን የጎማውን ኩሽኔታ፣ የመሪውን አንገትና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎችን አልፎ ይገባል፤ ግራሶውን አጥቦ አውጥቶ በቦታው ውሃ ይተዋል። ዕለቱን ምንም አይታያችሁም። ከወራት በኋላ ጎማው ሲያንቋቋ ነው የምትሰሙት። ባለ ኤሌክትሪክ ሞተር የያዛችሁ ደግሞ ባትሪውና ሽቦው ጋ የግፊት ውሃ ጨርሶ እንዳይደርስ፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ካቴናው። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን። የኋላው ጎማ ከመሬት ከፍ እንዲል ጠንካራ ድጋፍ አድርጉለት። ጎማውን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ስታዞሩም ስትቦርሹም ጣታችሁ ካቴናው ወደ ጥርሱ ከሚገባበት ቦታ ይራቅ፤ በእጅ የሚዞር ጎማም ጣት ይጨፈልቃል።

ቤንዚኑንስ? ወደ ማደያው! የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ ያለ ከሰል ጋ ደርሶ እሳቱን ይዞላችሁ ይመለሳል። የካቴናውንም ጎማ ነክ ክፍሎች ያበላሻል። ለዚህ ሥራ ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ በቂ ነው። ነጭ ጋዝም ቢሆን እሳት ይወዳልና ሲጋራና ከሰል ካለበት ርቃችሁ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ሥሩ። ካቴናው ከደረቀ በኋላ ዘይቱን በውስጥ በኩል ጠብ ጠብ አድርጉና ትርፉን ጥረጉ።

ስፖንጅ መሳዩን የአየር ፊልትሮ አትርሱት። አውጥታችሁ በሳሙናና በለብታ ውሃ እጠቡ፣ ጭመቁ እንጂ አትጠምዝዙት። በደንብ ሲደርቅ የፊልትሮ ዘይት አጠጥታችሁ በትክክል ግጠሙት። የጉራራ አቧራ በአንዲት ክፍተት ከገባ ሞተሩን ከውስጥ ይሞርደዋል።

ሲያልቅ ውሃው እንዲወጣ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሱ። ግን ደጅ! ዝናብ ነው ብላችሁ ዝግ ክፍል ውስጥ እንዳታስነሱ። ከሰል ይዘው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ሰምታችሁ የለ? የሞተሩም ጭስ ያንኑ ሽታ የሌለው መርዝ የያዘ ነው።

የመጨረሻው ፍሬኑ ነው። ዲስኩ ወይም የፍሬን ሸራው ላይ ዘይት ወይም ሳሙና ካረፈ ፍሬኑ አይይዝም። ሜዳ ላይ በእግር ፍጥነት እየሄዳችሁ የፊቱንም የኋላውንም ደጋግማችሁ ያዙ፤ ውሃው ይደርቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። የቀበናን ቁልቁለት የፍሬን መሞከሪያ አታድርጉት።

እሺ፣ ያ የቆሸሸ ነጭ ጋዝ የት ይደፋ? የእህቴ ልጅ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ቦዩ ሲያመራ ሁለተኛ ጮህኩ። የኛ ግቢ ቦይ መድረሻው ቀበና ወንዝ ነው። ወንዙ ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈራችንን ሰንጥቆ ከትልቁ አቃቂ ይቀላቀላል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም አዋሽ። መንገድ ላይ አቃቂ ግድም በዚያ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ቅዳሜ የደፋችሁት ዘይት በሌላ ቀን ከሰላጣ ጋር ሊቀርብላችሁ ይችላል ማለት ነው! የከተማው አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ባወጣው የወንዝ ዳርቻ ደንብ ወንዝ መበከል በገንዘብ ያስቀጣል። እኛ ያን ጊዜ ያፈሰስነውን ሳስብ አፍራለሁ። ዝቃጩን በጀሪካን አጠራቅማችሁ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ።

ማምሻውን የእህቴ ልጅ በጸዳው ሞተር ሊሄድ ሲል ሱሪው ጉልበቱ ላይ መቀደዱን አየሁ። እንጦጦ ላይ ስንወድቅ ነው። አዎ፣ ወድቀናል፤ ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ! ጓደኛዬ ጋ ላክሁት። ጓደኛዬ ዛሬም እዚያው ቀበና ልብስ ይሰፋል፤ መርፌውን በመሐል ጣቱ መያዝ ከተለማመደ ዘመን ተቆጠረ። ልጁ በነጋታው ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ ሱሪውን ሰፍቶልኝ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ‘ካቴናውን በእጅህ እያዞርክ ነው የምታጥበው?’ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው፣ ‘በቃ ተከፍሎኛል’ አለኝ።”

ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ስለዚያች ቅዳሜ አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ሄድኩና ጠየቅሁት።

እናንተም ሂዱ፣ ተራራውን ውጡ፣ ጭቃውን ተጫወቱበት፤ ክረምት ደጋግሞ አይመጣም። ስትመለሱ ግን ቁልፉ ኪሳችሁ ይግባ። ዐሥር ጣት ይዛችሁ ሂዱ፣ ዐሥር ጣት ይዛችሁ ግቡ።

ቸር ያገናኘን!